እህቱን የሚጠብቅ ሰው

ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ሁለት ሴቶች እህቱን ሲያሟት ሀብተ ሥላሴ አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀረ። አንደኛዋ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነበሩ፤ ሌላዋ በባቡር ከጅቡቲ የሚገባ ጨርቅና ሽቶ የምትነግደው ጎረቤታቸው ሰኢዳ። እሑድ ጠዋት ነው፤ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሐሜቱን ጀምረውታል። አንድ ወንድሟ ልቡን ታሞ፣ ሚስት ሞታበት፣ ልጅ ሳይወልድ፣ በዚህ በአዋሽ ሐሩር በየቀኑ ጣቢያ እየወረደ ባቡር ባቡሩን ሲያይ ይመሻል፤ እሷ ድሬዳዋ ባሏን አቅፋ ተቀምጣለች አሉ። ሰኢዳም የእናት ልጅ እንዲህ ካደረገ ባዳ ምን ይባላል፣ አላህ ያሳያት አለች።

«እሷ እኮ ከሰው አልተወለደችም» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ። «ከሰው ብትወለድ አንጀቷ አይችልም ነበር።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የማይሰማ ነገር ተናገሩና ሰኢዳ «እሰይ! ደግ አደረጉ» ስትል ብቻ ተሰማ።

ተነስቶ መውጣት ነበረበት። በሩን ከፍቶ «የእህቴን ስም አታንሱ፤ ጥፋት የለባትም» ቢል ነገሩ እዚያው በቆመ። ሀብተ ሥላሴ ግን ሁለተኛውን ጫማ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብሎ አጠለቀ፤ ክሩንም ቀስ ብሎ አሰረ፤ ሴቶቹ እስኪበተኑም ትንፋሹን ውጦ ቆየ። ግቢው ጭር ሲል፣ ገና አሁን የነቃ ለመምሰል ሁለት ጊዜ ሳለ። በገዛ ሳሉም አፈረ። እህቱ ውብነሽ እመጣለሁ ብላ አታውቅም። እንዳትመጣ ደጋግሞ የከለከላት ራሱ ነው።

ነገሩ የመጣው ከዓምናው ሕመም ነው። ከአዋሽ አርባ ማዶ ባለው የጥጥ እርሻ የሚዛን ጸሐፊ ነበር። በለቀማ ሰሞን፣ ለቃሚዎቹ ከረጢታቸውን ደርድረው ሲጠብቁት፣ ልቡን ይዞት ሚዛኑ ሥር ወደቀ። በጥጥ መኪና አዋሽ፣ ከአዋሽ በባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ፣ ሽበታሙ ሐኪም፣ ውብነሽ አጠገቡ ሳለች፣ አገር ምድሩ ከሚለው የተለየ ነገር ነገረው። አትተኛ አለው። በየቀኑ ፀሐይ ሲበርድ ሜዳ ሜዳውን ቀስ ብለህ ሂድ፤ ደረትህን ሲይዝህ ቁም፣ ሲለቅህ ሂድ፤ ሸክም ተው፣ ጨውና ቅቤ ቀንስ፤ ከተኛህ ግን በዚያው ትቀራለህ አለው። ውብነሽ ሰምታለች። ነገር ግን በሷ ሰፈር በሽተኛ ማለት የሚተኛ ሰው ነው። መስኮቱ አጠገብ አልጋ ተዘረጋለት፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ ተደረበለት፤ ጠያቂ እየገባ አጠገቡ ተቀምጦ ከንፈሩን ይመጥለታል። ተነስቶ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ወዲያ ወዲህ ሲል ደግሞ ሰፈሩ ሌላ ወሬ አወጣ። ውብነሽ በሽተኛ ወንድሟን ሰልችታ ቀን ቀን ከቤት ታስወጣዋለች ተባለ። አለቀሰች። ሀብተ ሥላሴም እሷን የሚያውቃት ሰው የሌለበት አገር መሄዱ ለስሟ ይሻላል ብሎ አሰበ። እርሻው አዋሽ ከተማ ባለችው ትንሽ ቢሮው ተቀምጦ የሚሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ሰጠውና መጣ። ብቻውን መኖር አልከበደውም።

ነገር ግን አዋሽም ሰው አለበት። ኮትና ባርኔጣ ያደረገ የቢሮ ሰው ምንም ሳይዝ፣ የትም ሳይደርስ፣ ሲሄድ ታይቶ ሲመለስ ከታየ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። «ወዴት ነው?» ሲሉት «ዝም ብዬ ነው» ይል ነበር፤ ያ መልስ ከምንም የባሰ ሆነ። ባለ ጋሪው ሣህሌ ባገኘው ቁጥር ፈረሱን አቁሞ «ይውጡ እንጂ፣ እኔ እያለሁ በእግርዎ?» ይለዋል፤ እምቢ ማለት ንቀት እንዳይመስል ይወጣና የማይፈልግበት ቦታ ደርሶ ይወርዳል። ሰኢዳና ጓደኞቿ ደግሞ ኮንትሮባንድ የሚይዘው የፊናንስ ፖሊስ ጆሮ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ በሐዲዱ በኩል ብቅ ሲል ጨርቃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ ጨዋታቸውም ይቆማል። የጣቢያው ፖሊስ ሳይቀር አንድ ቀን ጠርቶ ምን ፈልገህ ነው አለው። ከዚያ ወይዘሮ የዓለምወርቅ በሰው መሐል «ሰው እየጠበቁ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ፣ እህቴን፤ ከድሬዳዋ» አለ፣ ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ሰማው። የሁሉም ፊት በራ። እህቱን የሚጠብቅ ሰው ምን ነውር አለበት? በማግሥቱ ሰኢዳ ራሷ ሰላም አለችው፤ ፖሊሱ ጥላ ሥር ወንበር ሰጠው፤ ሣህሌም ሰው ለመቀበል የሚሄድን ሰው በእግሩ ተወው። ውሸቱ ለአንድ ቀን የታሰበ ነበር። ግን በማግሥቱም መራመድ ነበረበት፤ በሳልስቱም።

መራመዱ ደግሞ አዳነው። መጀመሪያ ሰሞን በየግራሩ ሥር እየቆመ፣ ግንባሩን በላብ አጥቦ፣ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ነበር የሚደርሰው። አሁን ጣቢያውን አልፎ ከባቡሩ የምልክት ምሰሶ ደርሶ ይመለሳል፤ ደረቱም አይዘውም። ሌሊት ተንጋልሎ መተኛት ከቻለ ቆይቷል። ከሰው የሚሸሽገው ደስታው ይህ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ከቤት ሳይወጣ ዋለ። ክፍሏ በወር ስድስት ብር የሚከፈልባት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ፣ ከቀትር በኋላ እንደ ዳቦ መጋገሪያ የምትግል ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የላምባ ምድጃ፣ ኮት የሚሰቀልበት ሚስማር። ጨው የሌለበት ምስር ቀቅሎ ነበር፤ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግን እንደ እሑድ ልማዳቸው ቅቤ የዋኘበት ቀይ ወጥ በሳህን አድርገው ገቡ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ቃሉን ሲያዘጋጅ ነበር። እሳቸው ሳህኑን አስቀምጠው፣ ክፍሏን በዓይናቸው ዞረው፣ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው እንዴት ያሳዝናል የሚል ፊት አሳዩትና፣ ዛሬ ጣቢያ ሲወርድ ደህናውን ኮት እንዲለብስ መከሩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቃቸውም። አፉን ከፈተ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋው። ከሄዱ በኋላ ከወጡ ጥቂት ቀመሰ፤ የቀረውን ሸፍኖ አስቀመጠ። ደግ ሴት ናቸው። ደግነታቸው ነው ያስቸገረው።

ፀሐይዋ ስትሰበር ወጣ። የአረብ ሱቆቹን፣ የጠጅ ቤቱን፣ የጋሪ ማቆሚያውን አልፎ ከሐዲዱ ሲደርስ ሀምዳን አገኘው። ሀምዳ የእርሻው የጥጥ መጋዘን ጥበቃ ነው፤ አፋር ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ ተባብሎ ሁሉም ያለውን ይሰጣል፤ የተቀበለውንም ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዳጉ ሐሰት የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማውም። ሀምዳ ይህን ወግ ለሀብተ ሥላሴም አክብሮ ያደርግለት ነበር። ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። ሀብተ ሥላሴ እንደ ሁልጊዜው ደህና መሆኑን፣ ሥራው ደህና መሆኑን፣ እህቱ ግን ገና አለመምጣቷን ሰጠ። ሀምዳ አፉን በመፋቂያው እየፋቀ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ተራው የሱ ሆነና የአዋሽ ውኃ መጉደሉን፣ የአጎቱ ግመል መሞቱን ነገረው።

«እህትህ ግን ዛሬ ትመጣለች» አለ ቀጥሎ። «የቤትህ ባለቤት ልከውባታል። ትኬት ቆራጩ ካሕሳይ ቤቷ ሄዶ፣ ወንድምሽን ጥለሽ አገር ጉድ አለብሽ ብሏታል። ትናንት መልስ ይዞ መጣ፤ በዛሬው ባቡር ናት።»

ሀብተ ሥላሴ መሬቱን በጣቱ ጫረ።

«ያንተን ዳጉ እኔም ሰጥቻለሁ» አለ ሀምዳ፣ ደስ እንዲለው። «እዚህ ብቻ አይምሰልህ፤ አሳይታ ደርሷል። እህቱ የከዳችው ጸሐፊ ሲባል ሁሉም ያውቅሃል።»

ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ። ሀብተ ሥላሴ ተነሣ፤ ወደ ኋላው፣ ወደ ቤቱ መንገድ አየ። መመለስ ይችል ነበር። ነገር ግን እሷ ወርዳ በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል ብቻዋን ብትቆምስ? ኮቱን ቆለፈና ወደ ጣቢያው ወረደ።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ያላቸውን ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው ቀድመውታል፤ ሰኢዳም አለች፤ ሣህሌም ጋሪውን አዙሮ ቆሟል። ካሕሳይ ከባቡሩ ዘሎ ወረደና አንዲት ቀጭን ሴት በክንዷ ይዞ አወረደ። ውብነሽ ከስታለች፤ ቅርጫቷን በሁለት እጇ እንደያዘች ዙሪያዋን ስታይ ወንድሟን አገኘችው፤ ሮጣ አንገቱ ሥር ገባች። ገና ከአንገቱ ሳትላቀቅ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ትከሻዋን ነካ አደረጓት።

«እንኳን ደህና መጣሽ፤ ዘገየሽ እንጂ» አሏት። «እኛ ባዳዎች ነን። እዚች ቦታ ላይ ቆሞ ስንት ባቡር እንዳሳለፈ ግን እኛ ነን የምናውቀው። እመጣለሁ ብለሽ፣ ዛሬ ነገ እያልሽ፣ የታመመ ሰው በተስፋ ይገደላል ወይ ልጄ?»

ውብነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። መቼ ነው እመጣለሁ ያልኩት የሚል ዓይን ነበር። ጊዜ ሰጠችው፤ በእርግጥ ሰጠችው፤ ባቡሩ እንፋሎቱን እስኪተነፍስ፣ ተሸካሚው ከመሐላቸው እስኪያልፍ ድረስ ጠበቀችው። ሀብተ ሥላሴ የጫማውን ጫፍ ተመለከተ። ያን ጊዜ እህቱ ነጠላዋን አስተካክላ ለሴቶቹ እጅ ነሣች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ይቅር በሉኝ።»

ይቅር ለማለት ግን አልቸኮሉም። ሣህሌ ሀብተ ሥላሴን ደግፎ ጋሪው ላይ አወጣው፤ ከእንግዲህ መጠበቅም መመላለስም ቀረልዎ፣ የኔ ፈረስ እንኳ የእርስዎን ያህል አልደከመም ብሎ አሳቀ። ሀብተ ሥላሴ ለእህቱ ቦታ ለቀቀ። ሰኢዳ ግን «እሷ በእግሯ ትምጣ፤ እሱ ሲሄድበት የከረመውን መንገድ ትየው» አለች፤ ሰዉም ሳቀ። ውብነሽ ቅርጫቷን አዝላ ከጋሪው ኋላ ተከተለች። በየደጁ የተቀመጡ ሰዎች እየተነሡ አዩአት። ሀብተ ሥላሴ ጀርባውን ለሷ ሰጥቶ፣ ፊቱን ለፈረሱ ሰጥቶ፣ እስከ ቤት ድረስ ተጓዘ።

ክፍሏ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ውብነሽ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ያለውን ሁሉ አየች፤ የተሸፈነውን ወጥ፣ ምስሩን፣ ተረከዙ ያለቀውን ጫማ። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ የራሷን ነገረችው። ባሏ በለጠ የሚሠራው በምድር ባቡር ጋራዥ ነው፤ ወሬው በሐዲዱ ተጉዞ እዚያ ደርሷል። የሥራ ጓደኞቹ ወንድሟን የጣለች ሴት ባል ይሉታል። በለጠም፣ ወንድምሽ ነይ እያለ ሲልክብሽ ደብቀሽኛል፣ እሱን እንዲህ ካደረግሽ እኔ ብታመምስ ብሏት፣ ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ሰጥቷት ነው የሚያድረው። ካሕሳይ ሲመጣ ግን እሷም ተደናገረች፤ ምናልባት ልቡን ደግሞ ይዞት፣ ሊናዘዝልኝ ፈልጎ ይሆናል ብላ ነው የመጣችው።

ሀብተ ሥላሴ አንድ ሳያስቀር ነገራት። «ዝም ብዬ ነው» ያለበትን፣ የፊናንስ ጆሮ የተባለበትን፣ እህቴን እጠብቃለሁ ያለበትን ቀን። ደረቱ መዳኑንም ነገራት፤ ይህን ሲናገር ድምፁ አነሰ።

«እንግዲያ በስሜ ላይ ነው ስትሄድ የከረምከው» አለች ውብነሽ።

ሀብተ ሥላሴ ጫማውን አውልቆ አልጋው ሥር ገፋው።

አመሻሽ ላይ ጎረቤቶቹ እንግዳዋን ሊጠይቁ ገቡ፤ ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ሰኢዳ፣ ፈረሱን ያሰረው ሣህሌም። ቦታ ስላልበቃ ሣህሌ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ወሬው ስለ ድሬዳዋ የጨርቅ ዋጋ ጀምሮ፣ በሽንኩርት መወደድ በኩል አልፎ፣ ዞሮ ዞሮ ውብነሽ ላይ አረፈ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በለሆሳስ ይመክሯታል፤ ውብነሽ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» ትላለች። ሀብተ ሥላሴ ከአልጋው ተነሥቶ ቆመ።

«እመጣለሁ ብላኝ አታውቅም» አለ። «እኔ ነኝ እንዳትመጣ የከለከልኳት። እሷን ስጠብቅ አልነበረም። ሐኪም ተራመድ ብሎኝ ነው የምወርደው። ለመራመድ ነው። አፍሬ ነው የዋሸኋችሁ።»

ተነፈሰ፤ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ ብሎም አሰበ። ቀና ሲል የወይዘሮ የዓለምወርቅ ዓይን እንባ ሞልቶ አየ።

«አየሽ?» አሉ ወደ ውብነሽ ዞረው። «አየሽ የወንድምን አንጀት? አንቺ እንዳታፍሪ ራሱን ውሸታም ሲያደርግልሽ?»

አይደለም፣ እውነቴን ነው አለ ሀብተ ሥላሴ። ሣህሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰው ውኃ ሊቀዳ ይሄዳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ለመሄድ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን በዕድሜዬ አላየሁም፤ የታመመማ ይተኛል እንጂ አለ። ሀብተ ሥላሴ ማለ፤ በእግዚአብሔር ስም ማለ። በማለ ቁጥር ፊታቸው ለሱ እየራራ፣ ለእህቱ እየጠቆረ ሄደ። ሰኢዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ከመምጣቷ የሚናገረውን አስጠናችው» አለች። ያን ጊዜ ተቀመጠ። በዝምታው የጎዳት አንሶ በመናገሩም እንደጎዳት ገባው፤ እውነቱን በጊዜው ስላልተናገረ አሁን እውነቱ እንኳ የሱ ደግነት ሆኖ ተቆጠረለት። ሲወጡ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግንባሩን ሳሙት።

«ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለች ውብነሽ በሩን ዘግታ። «በለጠም፣ ጋራዡም፣ ሰፈሩም ከባቡር አብረን ስንወርድ ይዩን። ሌላ ምን አለኝ?»

ልክ ነበረች። መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ፣ ጋቢው፣ ከንፈር መጣጮቹ በዓይኑ መጡ፤ ሌሊት ቁና ቁና እየተነፈሰ ቁጭ ብሎ ያነጋባቸው ቀኖችም መጡ። «እሄዳለሁ» አለ።

የላምባ ምድጃውን ለኩሳ ውኃ አሞቀች። ታላቅ ወንድሟ ስለሆነ፣ መንገደኛዋ እሷ ሆና ሳለች እንኳ፣ ሳፋውን እግሩ ሥር አድርጋ ተንበረከከች። አይሆንም ቢላትም አልሰማችውም። ሱሪውን ወደ ላይ ስትጠቀልል እጇ ቆመ። ሆስፒታል ሳለ እግሩን ያጠበችው እሷ ነበረች፤ ያን ጊዜ አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ጎድጉዶ የሚቀር ነበር። አሁን ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ አጥንቱ ይታያል፤ ባቱ እንደ ወጣት ባት ጠጥሯል። በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ሥጋው ወዲያው ተመለሰ። ደግማ ተጫነችው።

«የት ድረስ ነው የምትሄደው?» አለች።

«እስከ ምልክቱ ምሰሶ።»

«ሳትቆም?»

«ሳልቆም።»

ውኃውን በእጇ እየቀዳች እግሩ ላይ አፈሰሰች፤ ደጋግማ አፈሰሰች። እኛ ቤት እንዳልሆነልህ አይቻለሁ አለች በመጨረሻ፤ እኔንም አያስችለኝም፣ ሰዉም አይተውህም።

«ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች።

«በለጠስ?»

«በለጠን ለኔ ተወው።»

«ስምሽስ ውብነሽ?»

ቀና ብላ አላየችውም። «ከነገ ወዲያ እንደ ልማድህ ውረድ» አለች። «ወዴት ነው ሲሉህ፣ እህቴን ልጠብቅ በል። ተመልሼ እመጣለሁ ብላኛለች በል። አልመጣም፤ አንተ ግን ጠብቀኝ።»

እምቢ ማለት ነበረበት። ታላቅ ወንድም ነው፤ እምቢ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር፣ ሊለውም ነበር። ከቃሉ በፊት ግን ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀለለው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ፀሐይ ስትበርድ ኮቱን ለብሶ በሐዲዱ ዳር ሲሄድ ታየው፤ ደስ አለው። ደስታው ፊቱ ላይ መውጣቱ ተሰማውና ራሱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውብነሽ ግን ቀና ስትል አይታው ነበር። ያጠበችውን እግር በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ አስቀመጠችና ሌላውን ወደ ውኃው ሳበችው።